የመሐል ሜዳው መርከብ

ኢንስፔክተር እየሩስ መሐል ሜዳ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ቆማ በስልክ ታወራ ነበር። «እንኳን ደስ አለህ! ይገባሃል፤ ከልቤ ነው የምልህ» ትላለች። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው አብሯት የሠለጠነ፣ የማይገባውን ትምህርት ከእሷ እየጠየቀ ያለፈ ባልደረባዋ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ እሷ ስትመኘው ለኖረችው ወንበር እሱ ተሾመ። ስልኩን ስትዘጋ አፏን እሬት እሬት አላት። ከሹመቱ ይልቅ የመረራት «ከልቤ ነው» ያለችው ቃል ነበር።

ቃለአብ በጣቢያው በር የገባው ያን ጊዜ ነው። የከተማው ሰው በአናጺነቱ የሚያውቀው ጎልማሳ ነው፤ ሹራቡ ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ ነው፤ ዓይኖቹ በልቅሶ አብጠዋል።

«ጋሼ ዳኜ ሞቱ» አለ።

«ሰማሁ። ነፍስ ይማር። የከሰል ጭስ ነው አሉ።»

«ከሰሉስ ከሰል ነው። መስኮቱን ግን ማን ዘጋው?»

«መስኮቱን ማለት?»

«ቅጥራን እሳት ላይ ካለ መስኮቱ ክፍት ነው። ቢዘንብም ክፍት ነው፤ ውርጭ ቢወርድም ክፍት ነው። መጀመሪያ ያስተማሩኝ እሱን ነው፤ የመዶሻ አያያዝ እንኳ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። እንዲህ ያለ ሰው ራሱ ዘግቶ ይተኛል?»

እየሩስ ኮፍያዋን አጠለቀችና ኮንስታብል በዕውቀቱን ጠርታ ተነሣች።

አቶ ዳኜን መሐል ሜዳ ውስጥ የማያውቃቸው አልነበረም። በጉብዝናቸው ወራት ከመንዝ ወርደው ምጽዋ ባሕር ኃይል ገቡ፤ እዚያ የእንጨት ጀልባና መርከብ ሲጠግኑ ኖረው፣ ባሕሩ ሲቀር ወዳገራቸው ተመለሱ። ስማቸውም «ባሕረኛው» ሆኖ ቀረ። እነሆ በስተርጅና፣ ሰው ሁሉ ባሕር አይቶ በማያውቅበት በዚህ ብርዳም ደጋ ላይ፣ ከጓሯቸው ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ መርከብ ሲሠሩ ከረሙ። ቁመቷ አልጋ ቢያክል ነው፤ ነገር ግን ከአከርካሪዋ እስከ ምሰሶዋ ጫፍ የትልቋን መርከብ መልክ የያዘች ናት። ደብረ ብርሃን ለሚከፈተው ዐውደ ርእይ ልትሄድ የቀራት የላይኛው ወለሏ ብቻ ነበር። አቶ ዳኜም እዚያው መርከቧ አጠገብ፣ በዋዜማው ምሳ በልተው ጋደም ባሉበት፣ ሞተው ተገኙ። ሐኪሙ ቁስል አላገኘባቸውም፤ የገደላቸው የከሰሉ ጭስ መሆኑን አረጋገጠ። አስከሬናቸው ከምርመራ ተመልሶ ቀብሩ ለዚያው ቀን ተቀጥሯል።

እየሩስ ስትደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። አንዲት አልቃሽ ከሴቶቹ መሐል ትገጥማለች፦

«ማዕበል ያልነካው፣ ባሕር ያላሰመጠው፣
በደረቅ መሬት ላይ ጭስ ይዞ ዋጠው።»

ሴቶቹ ተቀብለው አነቡ። እየሩስ በድንኳኑ ጎን አልፋ ወደ ጓሮ ዞረች።

ክፍሏ ቅጥራንና የዝግባ እንጨት ትሸታለች። ወለሉ ላይ የተዳፈነ የከሰል ምድጃ፣ የቅጥራን ድስትና የተጨማደደ የጠጉር ባና አለ። በመካከሉ መርከቧ በእንጨት መቆሚያ ላይ ተቀምጣለች። እየሩስ ልታያት ብላ አልነበረም የመጣችው፤ ግን ቆማ ቀረች። ወለሏ ላይ ስስ የዝግባ ሳንቃዎች ከፊት እስከ ኋላ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ በየሁለቱ ሳንቃ መካከል እንደ ቀለም መስመር ያለ ጥቁር መጋጠሚያ ይወርዳል። አንዱም ከአንዱ አይወፍርም።

«ይኼ ጥቁሩ ምንድን ነው?»

«የጥቁር በግ ጠጉር ነው» አለ ቃለአብ። «ጠጉሩን ጭናችን ላይ እያሸን እንፈትለዋለን። ከዚያ በደነዝ መሮ እያጠፍን፣ እያጠፍን ክፍተቱን እንወትፈዋለን። ከላይ ትኩስ ቅጥራን ይፈስበታል። የባሕሯም መርከብ እንዲሁ ናት፤ አለዚያ ውኃ ታስገባለች።»

«ይቺ ውኃ አታይ። ለምን ይኼ ሁሉ ድካም?»

«እኔም ጠይቄያቸው ነበር። ‹ውኃ ባያያት እኔ አያታለሁ› አሉኝ።» ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

እየሩስ አቶ ዳኜ ሲወትፉት የነበረውን የመጨረሻውን መስመር ጎንበስ ብላ አየችው። ጠጉሩ እስከ ግማሹ ገብቷል፤ ቅጥራን ግን ገና አልፈሰሰበትም። የተፈተለበት አቅጣጫ ወደ ቀኝ መሆኑ ይታያል። እናቷ ጠጉር ፈትላ ባና በማሠራት ያሳደገቻት ልጅ ናትና እንዲህ ያለው ነገር ከዓይኗ አያመልጥም።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄደች። ወደ ውጭ የሚከፈት አሮጌ የእንጨት መስኮት ነው። መዝጊያውን በማጠፊያው በኩል በጣቷ ስትዳብስ አንድ የሚጎረብጥ ነገር አገኘች። የጠጉር መርፌዋን ነቅላ ጎረጎረችው። ጥቁር የበግ ጠጉር ነው፤ ከውጭ በኩል ገብቶ፣ ተጠቅጥቆ፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ስታወጣው እጥፍ እጥፍ እያለ መጣ። ወደ ብርሃን አስጠግታ አየችውና ምንም ሳትናገር በወረቀት ጠቀለለችው። ወደ ውጭ ወጥታ የመስኮቱን ሥር መረመረች፤ ከሳማና ከጭቃ በቀር ምንም የለም።

ስትመለስ ከጠረጴዛው ሥር ካለው የፍቅፋቂ ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ የተጣለ፣ ቅጥራን ያረፈበት ረጅም የጠጉር ክር አየች።

«ይኼስ?»

ቃለአብ ትንሽ ዘገየ። «ከመርከቧ ወለል ተነቅሎ የወጣ ነው።»

«ማን የወተፈው?»

«እሱን ይተዉኝ፣ ኢንስፔክተር። ለማንም እንዳልናገር ጋሼ ዳኜ አስምለውኛል። የሰው ክብር ነው።»

«ያስማሉህ ሰው ሞተዋል እኮ።»

«ስለሞቱማ ነው የባሰብኝ።»

አላስጨነቀችውም። «ትናንት አንተ የት ነበርክ?»

«ቀየት የሚባለው አገር። የሰው በር ልገጥም ሄጄ፣ በአውቶቡስ ስመለስ ልቅሶ ጠበቀኝ።»

በዕውቀቱን በዓይኗ ጠቀሰችው፤ ሊያጣራ ስልኩን ይዞ ወጣ።

ወይዘሮ ወሰንየለሽን ከውስጥ ክፍል አገኘቻቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ የግራ ትከሻቸውን በእጃቸው ደግፈዋል።

«እግዚአብሔር ያጽናዎ፣ እትዬ። እንዴት እንዳገኟቸው ይነግሩኛል?»

«ከገበያ ስገባ ጠራሁት፤ ዝም። በሩ ተዘግቷል። የእግር መጥረጊያው ጆንያ በሩ ሥር ተጠቅጥቋል። ‹ብርዱ አስመርሮት ሰው አስጠቅጥቆ ነው› ብዬ ጎትቼ ገባሁ። ሙቀቱ ጥፊ ነው የመታኝ። ራሴን አዞረኝ። መስኮቱን ስገፋው እምቢ አለ። አንድም ቀን እምቢ ብሎ የማያውቅ መስኮት! በትከሻዬ መታሁት፣ ተበረገደ። ዞሬ ዳኜን ስነካው . . . ቀዝቅዟል።»

«ከዚያ ማን ደረሰ?»

«ስጮህ መጀመሪያ የደረሱት ትዕዛዙ ናቸው፣ ታላቅ ወንድሙ። ፊታቸው በመስኮቱ ብቅ አለ፤ ከዚያ ዞረው በበሩ ገቡ። ሌላው ሰው ቆይቶ ነው የመጣው።»

እየሩስ መደቡ ጫፍ ተቀመጠችና «የማይጠየቅ ልጠይቅዎ» አለች። «ሰው በዚች መርከብ ይቀኑ ነበር ይላል።»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ቀና አሉ። በልቅሶ የደከመው ፊታቸው ላይ ደም ተመላለሰ።

«በመርከቧ አይደለም፤ በስሟ ነው። ኋላዋ ላይ ‹ለተብርሃን› ብሎ ጻፈባት። ማን ናት ስለው ‹የምጽዋ ነገር ነው› አለኝ። እና አልቀና? የሱን ካልሲ እያጠብኩ፣ ሌላዋ በወርቅ ቀለም ተጽፋ ሳሎኔ አጠገብ ትቀመጥ? ገበያ መሐል ሰድቤዋለሁ፤ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ አልክድም። አንድ ቀን ጠራኝና መላጊያውን አንሥቶ ስሙን ላገው። እንዳልነበረ አደረገው። ‹አሁንስ?› አለኝ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ወዲህ ክፉ ቃል አልተነጋገርንም።»

እየሩስ ይህን ራሷም አይታ ነበር። የመርከቧ ኋላ አዲስ የተላገ፣ ባዶ እንጨት ነው።

አቶ ትዕዛዙ ከድንኳኑ ጥግ ብቻቸውን ቆመዋል። ከወንድማቸው ዘለግ፣ ከሳ ያሉ ገበሬ ናቸው። ከጋቢያቸው ጫፍ የተመዘዘ ክር በግራ እጃቸው ጣቶች እየፈተሉ አልቃሿን ያዳምጣሉ። እየሩስ ስትቀርብ ቀኝ እጃቸውን ሰጧት።

«እግዚአብሔር ያጽናዎ፣ ጋሽ ትዕዛዙ። ወንድምዎ የሚደነቁ ሙያተኛ ነበሩ።»

«ባሕረኛው ምን ይሳነዋል፣ የኔ ልጅ! እሱ የነካው ሁሉ ይሰምራል። ሰው ከደብረ ብርሃን መኪና አስነሥቶ እሱን ሊያይ ይመጣል። እኔ ገብስ ነው የማበቅለው፤ ገብስ ሊያይ የሚመጣ የለም።» ሳቁ። ሳቁ ግን ከጉሮሯቸው አልወረደም። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። የኛው ዓባይ ግን ግንዱን ይዞ መጥቶ እዚሁ ማደሪያ አገኘ። ይገባዋል። ከልቤ ነው የምልሽ።»

እየሩስ ደነገጠች። ጠዋት ከራሷ አፍ የወጣው ድምፅ ነው፤ ያው ማር፣ ያው ከሥሩ ያለው እሬት።

«እንጨቱንና ጠጉሩን የሚያመጡላቸው እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«ዝግባው የኔ፣ በጉም የኔ።»

«መወተፉንስ ያግዟቸው ነበር?»

«እኔማ ምኑን አውቄው? ጠጉር ማቀበል ነው ሥራዬ። መወተፍ የባለሙያ ነው፤ የነቃለአብ።» ስሙን ሲጠሩ አፋቸው ትንሽ ተጣመመ። «ስለ ቃለአብ ከጠየቅሽ ደግሞ፣ እዚህ ቤት እግሩ በዝቷል። የወንድሜ ሚስት ደግሞ ከባሏ በዕድሜ ታንሳለች። እኔ ምንም አላልኩም።»

«ትናንት ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ያውልሽ፣ መንገዱን ተሻግሮ ያለው ነው። ጋደም ብዬ ጩኸቱን ስሰማ በዋናው በር ሮጬ ገባሁ።»

አመስግናቸው ሄደች። በዕውቀቱ በአጥሩ ሥር ጠበቃት።

«ቃለአብ እውነቱን ነው፣ ኢንስፔክተር። የቤቱም ባለቤት፣ የአውቶቡሱ ረዳትም መስክረውለታል፤ ቀኑን ሙሉ ቀየት ነበር። እንግዲህ ሚስትየዋ ናት። የምጽዋዋ ሴት ነገር . . .»

«ቅናት ጮሆ ካወጡት ይወጣል፣ በዕውቀቱ። እኔ የምፈራው እንኳን ደስ አለህ የሚለውን ነው። ሦስቱንም ጥራልኝ።»

በጠባቧ ክፍል ውስጥ መርከቧን ከበው ቆሙ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከድንኳኑ የካህናቱ ዜማ ይሰማል። በዕውቀቱ በሩን ይዞ ቆሟል።

«ብዙ አላቆያችሁም» አለች እየሩስ። «አቶ ዳኜ ሳይጨርሱት የቀረ ክፍተት አለ። ወደ መቃብር ከመውረዳቸው በፊት በዘመዶቻቸው እጅ ቢዘጋ ደስ ይለኛል። አንዳንድ ክር ፍተሉልኝ።»

ከጥቁሩ ጠጉር ቆንጥራ ሰጠቻቸው። ወይዘሮ ወሰንየለሽ ግራ ገብቷቸው ጭናቸው ላይ ለማሸት ሞከሩ፤ ጠጉሩ ተበታተነ። «እኔ በእንዝርት ነው የማውቀው» ብለው አስቀመጡት። ቃለአብ እንባውን በክንዱ ጠርጎ አንድ ክር ፈተለ፤ ቀጭንና ለስላሳ ሆነ። አቶ ትዕዛዙ የደረሳቸውን ጠጉር በመዳፋቸው እንደያዙ ቆመዋል።

«እኔ አልችልም አልኩሽ እኮ፣ የኔ ልጅ።»

«ይቅርታ፣ ረስቼው ነው።» እየሩስ የቃለአብን ክር አንሥታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። «እንዲህ ነው እንጂ ሙያ! አቶ ዳኜ ወለሉን ለሌላ ሰው ያላስነኩት ለካ ወደው አይደለም። ከሳቸው ቀጥሎ እንዲህ ያለ ክር የሚፈትል እጅ በመንዝ ምድር የለም። ደብረ ብርሃን ላይም የሁለቱ ስም ነው የሚጻፈው አሉኝ። የባሕረኛው ዳኜና የቃለአብ።»

የአቶ ትዕዛዙ የመንጋጋ ጅማት ሲዘልል ታየ።

«ይኼ ነው ሙያ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ከዚህ የተሻለ አላየሁም።»

«አላየሽማ!» ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣሉና በርጩማ ስበው ቁጭ አሉ። ጠጉሩን በቀኝ እጃቸው ይዘው በግራ ጭናቸው ላይ በግራ መዳፋቸው አንዴ፣ ሁለቴ አሹት። ዓይን ሳይርገበገብ ከእጃቸው የወጣው ክር እንደ በገና ጅማት የጠበቀ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ነበር። «ይኸው! ለዚህ ምን ምጽዋ መሄድ ያስፈልጋል? የመርከቧን ሆድ ማን የወተፈው ይመስልሻል? እኔ ነኝ! ቀለም ተቀባበትና የማን እጅ እንደሆነ ጠፋ።»

«አሁን አየሁ» አለች እየሩስ። ድምጿ ዝቅ ብሏል። ክሩን ተቀብላ ከቃለአብ ክር አጠገብ በመርከቧ ወለል ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ከሳጥኑ ያወጣችውን ክር፣ ቀጥላም ከወረቀቱ የፈታችውን አኖረች።

«አቶ ዳኜ ራሳቸው መስኮቱን አልዘጉም» አለች። «እትዬ ወሰንየለሽ ሲገፉት እምቢ ያላቸው መስኮቱ ከውጭ ተወትፎ ስለነበር ነው። ውትፉ ይኼ ነው፤ በማጠፊያው በኩል ተደብቆ ቀርቶ አገኘሁት። እሳቸው ተኝተው፣ ባለቤታቸው ገበያ ሄደው ሳሉ አንድ ሰው በጓሮ ገባ፣ መዝጊያውን ገጠመ፣ ዙሪያውን በጠጉር ደፈነ። በሩም ሥር ጆንያ ጠቀጠቀ። ከሰሉ ደግሞ ሥራውን ሠራ።»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ የመርከቧን ጠርዝ ጨብጠው ያዙ።

«ጠጉሩ እንደ ነገሩ የተጎሰጎሰ አይደለም። በመሮ እየታጠፈ፣ ልክ እንደዚህ ወለል ነው የገባው። ስለዚህ መወተፍ የሚያውቅ ሰው ነው። እትዬ ወሰንየለሽ ይኼን ሙያ አያውቁም፤ አሁን አየን። ቃለአብ ያውቃል፤ እሱ ግን ቀየት ነበር፤ በዚያም ላይ ፈትሉን ተመልከቱ። የቃለአብ ክር ወደ ቀኝ ነው የተከረረው፤ የአቶ ዳኜም መስመር እንዲሁ። የመስኮቱ ግን ወደ ግራ ነው። ግራኝ ሰው ጭኑ ላይ ሲፈትል ሁሉም ይገለበጣል።»

«ትዕዛዙ ግራኝ ናቸው እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ወሰንየለሽ። «በቀኝ እኮ ነው የሚበሉት።»

«እናቴ በማማሰያ እየመታች አስለመደችኝ» አሉ አቶ ትዕዛዙ ሳያስቡት። ወዲያው ከንፈራቸውን ነከሱ። «ግራኝ መሆን ወንጀል ነው? እዚህ አገር ስንት ግራኝ አለ!»

«አለ። በመስኮቱ ብቅ ያለው ግን አንድ ነው። እርስዎ በዋናው በር ሮጬ ገባሁ አሉኝ። ቤትዎ ከፊት ነው፤ እትዬ ወሰንየለሽ ግን መጀመሪያ ያዩዎት በጓሮው መስኮት ነው። ተበርግዶ ሲከፈት የወደቀው ጠጉር መሬት ላይ መኖር ነበረበት፤ አንድም ዘለላ አላገኘሁም። ውትፉን ሊነቅሉ መጥተው ጩኸቱ ቀደመዎት፤ የወደቀውን ለቀሙና ገቡ። በማጠፊያው በኩል የቀረውን አላዩትም።» ከሳጥኑ ያወጣችውን ክር አነሣች። «አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ይኼም ወደ ግራ የተፈተለ ነው። ቃለአብ፣ መሐላህ የሞቱትን አይጠቅምም።»

ቃለአብ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ ትዕዛዙ ወለሉ ላይ አንድ መስመር እንዲወትፉ ለምነው ነበር። ጋሼ ዳኜ ፈቀዱላቸው። ሥራው ጥሩ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። ግን ፈትሉ ስለተገለበጠ ብርሃን ሲያርፍበት ከሌሎቹ ይለያል። ጋሼ ዳኜ ሁለት ቀን ታግሠው፣ አልቻሉም። ነቀሉትና እኔ እንድደግመው ነገሩኝ። ‹ወንድሜ እንዳያውቅ፣ ያዝንብኛል› አሉኝ።»

«አወቅኩ!» አሉ አቶ ትዕዛዙ። ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «ጠጉር ይዤ ስመጣ ሳጥኑ ውስጥ አየሁት። እንደ ቆሻሻ! ከመላው መርከብ ላይ ለዓይን የምትታይ አንዲት መስመር ነበረችኝ።»

ከድንኳኑ የሚመጣው ዜማ ከፍ አለ።

«እሱ ባሕር ሲያይ እኔ ያባቴን ማሳ አረስኩ» ቀጠሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «እናታችን ስትታመም ውኃ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ያገላበጥኳት እኔ። ነፍሷ ሲወጣ እጇን ይዣለሁ፤ እጄን ጨብጣ ምን አለች? ‹ዳኜ፣ መጣህልኝ?› አለች። አልሄድኩም እኮ! የሄደው እሱ ነው! አዎ እማዬ፣ መጣሁ አልኳት። በሱ ስም ሸኘኋት።» በጋቢያቸው ፊታቸውን አበሱ። «ትናንት በመስኮቱ አየሁት። ተኝቷል፣ እንደ ሕፃን፣ አፉን ከፍቶ። ያን መስመር ነቅሎ እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል? እኔ እንቅልፍ ካየሁ ስንት ዘመኔ! ጠጉሩ በጄ ነበረ፣ መሮውም በጄ ነበረ። እጄ ራሷ ሠራችው።»

«እጅዎ አይደለችም» አለች እየሩስ።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ አቶ ትዕዛዙን ተጠግተው ቆሙ፤ ሁሉም የሚመቷቸው መስሎት ነበር። «ቢነግሩት እኮ እግርዎ ላይ ወድቆ መልሶ ያስወትፍዎት ነበር» አሏቸው። «ላግልኝ ሳልለው የሌላዋን ስም የላገ ሰው ነው።» ከዚያ ቃለአብ ደግፎ ይዟቸው ወጣ።

በዕውቀቱ እጃቸውን ሲያስር አቶ ትዕዛዙ አልተቃወሙም። እየሩስ ሰው እንዳያየው ጋቢያቸውን በካቴናው ላይ አለበሰችላቸውና በጓሮ አዙራ የጣቢያው ፒክአፕ ውስጥ አስገባቻቸው።

ግን ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ነው የሚያልፈው፤ አስከሬኑም በዚያው ሰዓት ወጥቶ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ካህናቱ ጃንጥላ ዘርግተው ከፊት አለፉ። ከኋላቸው አስከሬኑ፣ ከዚያ የከተማው ሰው፣ ከዚያ የገጠሩ፤ ከየቀበሌው በርኖስ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ በእግራቸው ሲገሰግሱ ያደሩ የቀየት ሰዎች፣ ተማሪዎች ሳይቀሩ። ሰልፉ ማለቂያ አጣ። ፒክአፑ በሰው ጎርፍ መሐል እንደ ድንጋይ ቆሞ ቀረ።

አቶ ትዕዛዙ ግንባራቸውን መስተዋቱ ላይ አስደግፈው ያያሉ። እንባቸው ይወርዳል። እየሩስ ለወንድማቸው የሚያለቅሱ መስሏት፣ ወርደው አፈር እንዲያለብሱ ብፈቅድላቸውስ እያለች በሐሳብ ተያዘች።

ያን ጊዜ አቶ ትዕዛዙ ከመስተዋቱ ዓይናቸውን ሳያነሡ ተናገሩ።

«እዪው» አሉ። «ለኔ ይኼን ያህል ሰው አይመጣም።»